ሽምግልና በመኪና መብራት

ብርሃን የማይወድ ሰው የለም ይባላል። ውሸት ነው። ሰው ብርሃን የሚወደው የጎረቤቱ ጓዳ ላይ ሲበራ ነው እንጂ ወደ ራሱ ጓዳ ሲዞርበትማ "ኧረ ዓይኔን፣ አጥፋልኝ!" ይላል። ይህን የምላችሁ ለመፈላሰፍ ያህል እንዳይመስላችሁ፤ እንጀራዬ መብራት ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሚገጣጥም ድርጅት ውስጥ የፊት መብራት እነድፋለሁ። ባለፈው ወር የደረሰብኝን ልንገራችሁና ፍረዱ፤ እኔ እስካሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

አለቆቼ ያዘዙኝ ከቡጢ የማይበልጥ መብራት ነበር። ትንሽ መብራት ደግሞ ክፉ አመል አለው፤ ብርሃኑን ሁሉ መሃል ላይ ይዘረግፍና ዳር ዳሩን በጨለማ ይተወዋል፣ ጥብሱን ሁሉ ለአንድ ዘመዷ እንደምትጭን የድግስ አሳላፊ። የመስተዋቱን ጉብታ በፀጉር ስፋት ልክ እየቀያየርኩ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የተከራየሁበትን ቤት ነጭ አጥር በየምሽቱ እያበራሁ፣ በስንት መከራ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያበራ መብራት ወጣልኝ። ከፊት ለሚመጣው ሾፌርም አሰብኩለት፤ ዓይኑን እንዳያጠፋው ብዬ ብርሃኑን ከሰው ወገብ በላይ በቀጥታ መስመር ቆረጥኩት። የናይሮቢ ማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲ ማለቴ ነው፣ ነጂው ለእኔ ዓይን አዝኖ አያውቅም። እኔ ግን አዘንኩለት።

አብሮኝ የሚሠራ ሳሙኤል የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ። ላቪንግተን ሰፈር የሚኖሩትን የነጋዴውን የጋሽ ታደሰን ልጅ፣ ሜሮንን፣ ወዶ ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። እኔ? ሽበቴ ተፈልጎ የሚገኝ ሰውዬ? ምን ይደረግ፣ በሰው አገር ሽማግሌም እንደ ጤፍ ነው፤ የተገኘው ይላካል። ከአየር መንገድ ጡረታ ከወጡት ከጋሽ ወርቁ ጋር ሆነን፣ አዲሱ መብራት ለሙከራ በተገጠመላት መኪና እሁድ አመሻሽ ላይ ሄድን። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ "ተቀመጡ" እስኪባል ቆሞ ይናገራል፣ ልጁ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ወሬ ይጠብቃል እንጂ በዚያ አካባቢ ዝር አይልም።

በሩ ላይ የተቀበለን ሲምባ የሚባል ጥጃ የሚያህል ውሻ ነው። ዘበኛው በሰንሰለት ባይዘው ኖሮ ሽምግልናዬ እዚያው ባበቃ ነበር።

"ባዕድ አይወድም" አሉ ጋሽ ታደሰ ኮራ ብለው። "የሚመላለስ ሰው ካልሆነ ማንንም አያስጠጋም።"

በረንዳው ላይ ቆመን ጋሽ ወርቁ ነገሩን በወጉ ከፈቱ። ጋሽ ታደሰ አዳመጡ፣ አዳመጡና "ለመሆኑ ልጁ ልጄን የት ያውቃታል?" አሉ። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቤተ ክርስቲያን አይቷት" ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ሊሉም ነበር። እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ!

"ኧረ ጋሼ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው! እንኳን ሊያናግራት፣ የእርስዎን ደጃፍ ረግጦት አያውቅም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ልጁ እዚያ ግቢ እንደሚመላለስ ራሱ ነግሮኛል። የጋሽ ወርቁ ክርን ጎኔ ላይ አረፈ።

ወዲያው ስቲማ ጠፋ። እዚህ አገር መብራት ስቲማ ነው፤ ሲጠፋም በዚሁ ስሙ ይረገማል። ጄኔሬተሩ ከአትክልቱ ማዶ ነው፤ ዘበኛው ውሻውን ሲለቀው ወደ አትክልቱ ፈረጠጠ፤ እሱም በስልኩ ብርሃን እየዳበሰ ሄደ፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ጋሽ ታደሰ በእንግዳ ፊት እንዲህ በመሆኑ በጣም ተጨነቁ። እኔስ? ፈነደቅኩ እንጂ!

"አይጨነቁ ጋሼ፤ እኔ በሠራሁት መብራት ግቢዎን ቀን አደርገዋለሁ። ጥግ የለ፣ ጥላ የለ!" ብዬ መኪናዋን ወደ አትክልቱ አዙሬ አበራሁት።

ጄኔሬተሩ ታየ። ተራ መብራት ቢሆን እሱን ብቻ አሳይቶ ዝም ይል ነበር። የእኔ ግን አያዳላም። ግራው ጥግ ላይ፣ ከአበባው ሥር፣ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ከወገብ በላይ ጨለማ፣ ከወገብ በታች ፀሐይ። አንዷ ቢጫ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። የሌላው ስኒከር ጫፉ ላይ ነጭ ቀለም ፈሶበታል፤ ቀለሙ ሲፈስ እኛው ወርክሾፕ ውስጥ አጠገቡ ነበርኩ። ሲምባ፣ ያ ባዕድ የማይወደው ሲምባ፣ አገጩን ስኒከሩ ላይ ጥሎ ጭራውን ያወዛውዛል።

"ዘበኛው ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ ፈጠን ብለው።

"ዘበኛዬማ ጄኔሬተሩ ጋ አጎንብሶ ይታየኛል" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ከጨለማው ውስጥ የሜሮን ድምፅ መጣ፦ "ዳዲ ፕሊዝ! ላይቱን አጥፉት!"

አጠፋሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አምኖ የላከኝን ልጅ ትዳር ገደል ከተትኩበት፣ የጋሽ ወርቁን ሽበትም አዋረድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች፤ የእኔዋ እንኳን ልታድር፣ አፌን እስክዘጋ አልጠበቀችኝም።

ጋሽ ታደሰ በጨለማው ውስጥ ተናገሩ።

"ልጁ ቤቱ ይሂድ። እናንተ የሚቀጥለው እሁድ በቀትር ኑ። ሰው ሲያናግረኝ ፊቱን ማየት እወዳለሁ።"

ተቀመጡ አላሉንም። ያንን ሳምንት ከሳሙኤል ጋር ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ሠራን።

እሁድ በቀትር ሄድን። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነች፤ መደበቂያ የለም። እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ "ጋሼ፣ ልጁ ደጃፍዎን ሲረግጥ ከርሟል። እያወቅኩ ነው የዋሸሁዎት" አልኩ። ጋሽ ታደሰ አተኩረው አዩኝ።

"ውሻዬ የለመደውን ሰው እኔም መልመዴ አይቀርም" አሉ። "ልጄን ሰጥቻለሁ። ጋሽ ወርቁ፣ ይቀመጡ።" እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንተም ተቀመጥ፣ ኢንጂነር። መብራትህ ግን ካንተ ይሻላል።"

ተቀመጥኩ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ መብራቱንም አለቆቼ ወደውታል። ሲምባ ብቻ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። አልፈርድበትም።