ለፕሬዚዳንት እጩ ዋስ የቆመችው ልጅ

መሀል ሰፋሪ መሆን ሥራ ነው። ሰው ግን ሥራ አይመስለውም። የግራው ቀኝ ነህ ይላችኋል፤ የቀኙ ግራ ነህ ይላችኋል፤ ቋንቋችንም ብትሆን አታዝንላችሁም፤ «ከሁለት ያጣ ጎመን» ብላ ትዘጋችኋለች። ካላመናችሁ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና ነድታችሁ እዩ። በመሀለኛው መስመር፣ በተፈቀደልኝ ፍጥነት፣ ማንንም ሳልነካ ስሄድ ከሁለቱም ወገን ጥሩንባ የሚነፋብኝ እኔ ነኝ።

ያን የምርጫ ዓመት ግን የእኔም ልብ መታ። እጩው ወጣት ነው፤ ገና ከራሱ ፓርቲ ሰዎች ጋር እየተፎካከረ ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያ ዕቅዱን አውጥቶ ሰፈሩ ሰርግ የተጠራ መስሏል። አፕታውን ምግብ ቤት ውስጥ ስለ ኳስ ይጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች ስለ ታክስ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ፍሪሞንት ላይ መታጠፍ ሲገባው የሰውየውን ንግግር በሬዲዮ እየሰማ ሳን ሆዜ ደረሰ፤ ደግነቱ ተሳፋሪውም እየሰማ ነበር። እኔ የዕቅዱን ሠላሳ ገጽ ፕሪንት አድርጌ እርሳሴን ቀረጽኩ። በኅዳጉ ላይ «ጥሩ» እላለሁ፣ «ይህስ በጣም ጥሩ» እላለሁ፣ «ቀስ በል ልጄ» እላለሁ። አሥረኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቆሜ ነበር የማነበው። ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ ቆሞ ስለ ጤና ኢንሹራንስ ካነበበ፣ የሆነ ነገር ነክቶታል ማለት ነው።

በዚህ መሀል እትዬ ለተብርሃን ደወለች። «ወንድሜ፣ ሽማግሌ ሁኑልን። ከኪዳኔ ጋር ከአንድ መሶብ ከበላን ሁለት ሳምንታችን ነው።»

ኪዳኔ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ኦክላንድ ላይ ስድስት ሠራተኞች ያሉት ላውንደሪ ያለው ወዳጄ ነው። በቅርቡ ሲቲዝን ሆኗል፤ በስልሳ ዓመቱ የመጀመሪያ ድምፁን ሊሰጥ ነው። ሚስቱ ለተብርሃን ስኳር አለባት። የሆቴል ሥራዋን ከለቀቀች ወዲህ የትኛውም ኢንሹራንስ አልቀበላት ብሏል። ጠባቸው ምን ይሆን ብዬ ከሰፈራችን ሽማግሌ ከሐጂ ኑር ጋር እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ለካ የተጣሉት በእጩው ነው!

«ዕቅዱ የታመመን ሰው መመለስ ይከለክላል» አለች ለተብርሃን። «እኔን ማለት ነው። እኔን!»

«ለሠራተኛ ሁሉ ኢንሹራንስ ግዛም ይላል» አለ ኪዳኔ። «ላውንደሪው ከተዘጋ ምን ልንበላ ነው? ሳሩን አይታ ገደሉን ሳታይ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ከስድስት ሰው ጋር አመዛዘንከኝ።»

ነገሩ ስለ ምርጫ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በእኛ ደንብ ሽማግሌ ያልሰማው ሰው ላይ አይፈርድም። ስለዚህ ሐጂ ኑር «ተከሳሹም ይሰማ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እጩው ስላልመጣ ሠላሳውን ገጽ እየተረጎምኩ የእሱን አፍ ሆንኩለት። አንዳንዱ ቦታ ላይ፣ አልዋሽም፣ ከእሱ አሳምሬ ተናግሬለታለሁ። ስጨርስ ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ «መልካም ተናግሯል» አሉ። «ዋስ ይጥራ።»

እንግዲህ አስቡት። በዚህ አገር የፖለቲካ ታሪክ ዋስ የተጠየቀ እጩ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ተያየን። ኪዳኔ ፊቱ በራ፤ ማን ዋስ ይሆነዋል?

«አይ ዊል» የሚል ድምፅ ከኩሽና መጣ። ሰናይት ናት፣ ልጃቸው፣ ሳን ሆዜ ኮሌጅ የምትማር። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። «አይ ዊል ቢ ሂዝ ዋስ።»

«ልጄ፣ ቀልድ አይደለም» አሉ ሐጂ። «ዋስ ማለት እሱ ሲቀር አንቺ መቅረብሽ ነው።»

«አይ ኖው፣ ሐጂ።»

«እንግዲያስ» አለ ኪዳኔ በድል አድራጊነት፣ «ሰውየው ቃሉን እስኪፈጽም ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ እየመጣሽ ሸሚዝ ትተኩሻለሽ!»

ሰናይት እናቷን አየች። «ዲል» አለች፤ ተስማማች።

ኪዳኔ ያላሰበው ነገር ገጠመው። ልጁ ዋስ የቆመችለትን ሰው እምቢ ማለት ልጁን እምቢ ማለት ነው። እኔም ፍርዴን ሰጠሁ፦ ዕቅዱ በአብዛኛው መልካም ነው፤ ትናንሽ ሱቆች ግን ከግዴታው ይውጡ፤ ኪዳኔ ድምፁን ለእጩው ይስጥ፤ ለተብርሃንም የሱቁን ስጋት ጽፋ ለእጩው ትላክለት። ኪዳኔ ተነስቶ የሚስቱን ግንባር ሳመ። ያን ቀን ከአንድ መሶብ በላን።

እጩው አሸነፈ። ሌሊቱን በጎዳና ላይ የተነፋው ጥሩንባ ለአንዴ እንኳ በእኔ ላይ አልነበረም። የኢንሹራንሱ ሕግ ግን ዓመታት ፈጀ፤ ከዚያ ተገፍቶ፣ ከዚህ ተሸርፎ፣ ትናንሽ ሱቆችን ከግዴታው አስወጥቶ መጣ፤ ልክ እኔ በእርሳስ እንደጻፍኩት። ይህን ለስንት ሰው እንደነገርኩ! አንድም የሰማኝ የለም።

ሰናይት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተኮሰች። ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ተኮሰች። የለተብርሃን የኢንሹራንስ ካርድ በፖስታ የመጣ ዕለት ኪዳኔ ደወለልኝ። ደስታውን ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር። ነግሮኛልም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ፣ ያ ወረቀት አለህ?»

«የቱ?»

«የእጩው። ገጽ ሃያ ሁለትን እስቲ እየው፤ ስለ ኢሚግሬሽን ቃል ገብቶ አልነበር? አልፈጸመም እኮ! ዋሷ እንዴት ነጻ ትወጣለች?»

ለተብርሃንን አገናኘኝ አልኩት። «ወንድሜ፣ አደራ» አለች፣ «ሦስታችንም አብረን ምሳ የምንበላባት ቀን ቅዳሜ ብቻ ናት።»

አንድ ሳምንት አሰብኩበት። ሠላሳውንም ገጽ ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ሰናይትን ጠርተን፣ በሐጂ ኑር ፊት፣ በዚያ ወረቀት ላይ የተገባው ቃል በሙሉ እስኪፈጸም ድረስ ዋስትናው ይጸናል ብዬ ፈረድኩ።

«ኦል ኦፍ ኢት?» አለች ሰናይት። «ጋሼ፣ ዛትስ ኤ ላይፍ ሰንተንስ!» ዕድሜ ልክ ተፈረደብኝ ማለቷ ነው።

ይግባኝ ግን አላለችም።