በር ላይ የሚቀመጡ እናቶች

ልጇን ውዝዋዜ ክፍል አስገብታ ስታበቃ፣ እሷው በር ላይ ተቀምጣ የምታስተምር እናት ገጥማችሁ ታውቃለች? እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሕፃናት እስክስታ ስለማስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ጋር ነው የምውለው።

ከሁሉም የሚብሱት የመክሊት እናት፣ እትዬ ጽጌ ነበሩ።

"ትከሻሽን! ትከሻሽን እንጂ!" ይላሉ።

የሰባት ዓመቷ መክሊት ይህን በሰማች ቁጥር ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ከረሜላ ሰጠኋት፤ በላችና ተቀመጠች። አጨበጨብኩላት፤ እሷም አጨበጨበችልኝ። ሌሎቹም እሷን እያዩ አንድ በአንድ መቀመጥ ጀመሩ። እንግዲህ ክፍሉ ሊዘጋ ምን ቀረው?

በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ።

"እትዬ ጽጌ፣ እስቲ እርስዎ ተነሥተው ያሳዩዋቸው" አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሡ። ሙዚቃው ተከፈተ። ጉልበታቸው፣ አንገታቸው፣ የእጅ ቦርሳቸው ሳይቀር ተንቀሳቀሰ። ትከሻቸው ብቻ ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

መክሊት ግን አልሳቀችም። እናቷ ፊት ሄዳ ቆመችና፣ "እማዬ፣ እንደሱ አይደለም። እኔን እዪ" አለቻቸው። በዚያች ትንሽ ትከሻዋ ስትወርደው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ተቀምጣ ስታጠና ነው የከረመችው!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ሁሉ እናቱን እየጎተተ መጣ፤ ሊያስተምር። አሁን ከልጆቹ የሚቀር የለም። ያስቸገሩኝ እናቶቹ ናቸው። ባለፈው ሳምንት እትዬ ጽጌ ወገባቸውን ይዘው፣ "ዛሬ እንኳ ፈቃድ ስጠኝ" ቢሉኝ፣ መክሊት ቀደመችኝ።

"የሐኪም ወረቀት አምጪ!"