ቢጫ አልል ያለው ውሃ

[የውሃ ምርመራ ክፍል። የምሳ ሰዓት አልፏል። ጠረጴዛው ላይ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው አንዲት ጽጌረዳ፣ ጠዋት ከደጁ አትክልት የተቀጠፈች፣ በብርጭቆ ውስጥ ቆማለች። መርማሪው አንዱን ቱቦ በአውራ ጣቱ ደፍኖ እየናጠ ያንጎራጉራል። ሹፌሩ፣ የእህቱ ባል፣ ምሳ ዕቃ ታቅፎ ቆሟል።]

መርማሪው፦ «ማን አደፈረሰው ምንጩን እላለሁ…» ላላ ላላ… ቀጥሎ ምን ነበር?

ሹፌሩ፦ ቀጥሎማ «እጅህን ታጠብና ምሳህን ብላ» ነው።

መርማሪው፦ በዚህ ውሃ? የቧንቧው ውሃ ተመርዟል እያልኩህ።

ሹፌሩ፦ ማን አለ?

መርማሪው፦ ዓሳው።

ሹፌሩ፦ እዚህ ዓሳ የለም እኮ ጋሼ።

መርማሪው፦ ከአንጎሉ የወጣው ኢንዛይም ነዋ፣ ይቺ ጠብታ። ጤነኛ ከሆነች ከማቅለሚያው ጋር ተባብራ ውሃውን ቢጫ ታደርገዋለች። ውሃው ውስጥ የተባይ መድኃኒት ካለ ግን ሽባ ትሆናለች። ቀለም የለም። እየው፣ ጥርት ብሎ።

ሹፌሩ፦ ጥርት ያለው መርዝ፣ ቢጫው ጤና? ጎረቤቴ ቢጫ የሆነ ጊዜ እኮ ተሸክሜ ሆስፒታል ነው ያደረስኩት።

መርማሪው፦ እሱ የወፍ በሽታ ነው። ይሄ የዓሳ ነው። አታደባልቅ።

[የታሸገ ውሃ ይከፍታል። ይቀላቅላል፣ በአውራ ጣቱ ይደፍናል፣ ይንጣል። ቀለም የለም።]

መርማሪው፦ የታሸገውም!

ሹፌሩ፦ የዝናቡስ? ደጅ በበርሜል አለ።

[ያመጣል። መርማሪው ይንጣል። ቀለም የለም። ግድግዳውን ይደገፋል።]

መርማሪው፦ ሰማዩም ተመርዟል።

ሹፌሩ፦ ሰማዩን ማን ይዘጋዋል እንግዲህ?

መርማሪው፦ እሱን እንጃ። ቧንቧውን ግን አሁኑኑ አስዘጋለሁ። [ስልክ ይደውላል፤ መስመሩ ይጠራል] ለውሃ ቢሮው ኃላፊ ነው። ዛሬ ከተማው በሙሉ ጠብታ አያገኝም።

ሹፌሩ፦ እህትህ ልብስ ዘፍዝፋለች እኮ። ቆይ፣ ሳይዘጋ እኔም አንዴ ልናጥ። ስታደርገው ደስ ይላል።

መርማሪው፦ ናጥ። ጓንት አትፈልግ፤ ጓንት የጀማሪ ነው።

[ሹፌሩ ከቧንቧው ይቀዳል፤ እንዳየው አድርጎ ይቀላቅላል፣ ደፍኖ ይንጣል። ውሃው እንደ ማለዳ ጮራ ቢጫ ይላል።]

ሹፌሩ፦ ውይ፣ አበላሸሁት። ቢጫ ሆነብኝ።

መርማሪው፦ ድገመው።

[ይደግማል። ቢጫ።]

ሹፌሩ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ አይረባም።

መርማሪው፦ ምን አደረግክበት?

ሹፌሩ፦ ምንም። ለምሳ ብዬ በሳሙና ታጥቤው ነበር። እሱ ይሆን እንዴ?

[መርማሪው ጽጌረዳዋን ያያል። አውራ ጣቱን ያያል። አውራ ጣቱን ያሸታል። ከስልኩ ውስጥ የኃላፊው ድምፅ «ሃሎ» ይላል።]

መርማሪው፦ አቤት ኃላፊ… የለም፣ ምንም። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው። [ይዘጋል]

ሹፌሩ፦ ምን ሆንክ?

መርማሪው፦ ጠዋት ጽጌረዳዎቹን ተባይ በላብኝ ብዬ… መድኃኒት ስረጭ… እጄን…

ሹፌሩ፦ አልታጠብክም? ታዲያ እስካሁን ስንመረምር የዋልነው አንተን ነዋ።

[መርማሪው ወደ ቧንቧው ይሄዳል። በዚያው በተኮነነው ውሃ እስከ ክርኑ ይታጠባል። ሲታጠብ የጠፋችው ስንኝ ትመጣለታለች።]

መርማሪው፦ [ቀስ ብሎ] «…ለካስ እኔው ራሴ እግሬን ነክሬያለሁ።»

ሹፌሩ፦ ደግሞ እግርህንም ልትታጠብ ነው? ና ብላ፣ ቀዘቀዘ።

[መርማሪው ይቀመጣል። ይበላል።]