የቀለጠው በግ

[አንድ ክፍል ቤት፣ ረፋድ ላይ። ሊቁ የሚባለው ታላቅ ወንድም ቀለም መሸጫ ውስጥ የቆርቆሮ ቀለም የሚያማስል ሰው ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አንብቦ ስለጨረሰ ከዚያ ወዲያ ኬሚስትሪ አለ ብሎ አያምንም። ዛሬ የእጮኛው አባት፣ የታወቁት ልብስ ሰፊ፣ ሊያዩት ቀጥረውታል፤ ካልወደዱት ልጅቷን አይሰጡትም። እሱም መስታወት ፊት ቆሞ ጺሙን ይላጫል። ፈዙ የሚባለው ታናሹ የአባታቸውን አሮጌ ኮት ለብሶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።]

ሊቁ፦ ቅቤ ቀለጠም አልቀለጠም ቅቤ ነው! ስንቴ ልንገርህ?

ፈዙ፦ ይፈሳል እኮ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ይፍሰሳ! ሲቀዘቅዝ ይረጋል። መልኩ እንጂ ማንነቱ አልተነካም። አካላዊ ለውጥ ይባላል።

ፈዙ፦ እና ሰው አንድ ነገር ቢያቀልጡበት አይቆጣም?

ሊቁ፦ በአካላዊ ለውጥ የሚቆጣ ደንቆሮ ብቻ ነው።

ፈዙ፦ [እፎይ ብሎ] ተመስገን።

ሊቁ፦ እንጨት ሲነድ ግን አመድ ይሆናል። አመዱን በረዶ ውስጥ ብትቀብረው እንጨት አይሆንልህም። ያ ኬሚካላዊ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም!

ፈዙ፦ በምን ይለያል?

ሊቁ፦ በአፍንጫ! አሁን የኔን አዲሱን ኮት ውሰድ...

ፈዙ፦ [ደንግጦ] ማን ነገረህ?

ሊቁ፦ ምሳሌ ነው፣ አንተ ፈዛዛ! ኮቴ ንጹህ የበግ ጠጉር ነው። ክሩን ብታቃጥለው ጠጉር ጠጉር ይሸትና ዱቄት ይሆናል። ፕላስቲክ ግን ይቀልጣል፣ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ገባህ?

ፈዙ፦ አሁን ገባኝ። እንኳንም አልሸተተ።

ሊቁ፦ ምኑ?

ፈዙ፦ ኮቱ።

[ምላጩ ጉንጩ ላይ ቀጥ አለ።]

ሊቁ፦ ኮቱን ምን አደረግኸው?

ፈዙ፦ አማችህ ፊት እንዲያምርብህ ብዬ ካውያውን በደንብ አግዬ ጀርባው ላይ ሳሳርፈው ያዘው። ስስበው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። አትቆጣ፣ አካላዊ ነው።

ሊቁ፦ ገደልከኝ!

ፈዙ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። እንዳልከው ረግቷል፤ ቅርጹ ብቻ ካውያውን መሰለ። [ኮቱን ከኋላው ያወጣል፤ ካውያው አብሮ ተንጠልጥሏል።]

ሊቁ፦ የበግ ጠጉር እንዴት ይቀልጣል?! ባለሱቁ በእናቱ ስም ምሎልኛል!

ፈዙ፦ እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው። የሚለጠጥ በግ አይቼ አላውቅም።

[ሊቁ ሳሙናውን ሳይጠርግ አልጋው ላይ ዘፍ አለ። ሰፈርተኛውን ሁሉ «እስቲ ዳስሱት» ሲል ነው የከረመው። ለእጮኛውም ምሎላታል። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈራ።]

ፈዙ፦ አባቷ አንዴ ዳሰስ ቢያደርጉት ኖሮ ጉድህ ነበር። ያተረፈህ ካውያው ነው።

ሊቁ፦ [ዓይኑ ፈዙ በለበሰው ኮት ላይ አርፎ] የአባባ ኮት ከምን የተሠራ ነው?

ፈዙ፦ አዲሱን የገዛህ ቀን «ይሄን ቡትቶ ከፊቴ አንሳልኝ» ብለህ የወረወርክብኝ?

ሊቁ፦ ክር ምዘዝና አቃጥል!

[ፈዙ ከእጅጌው ጫፍ ክር መዝዞ ክብሪት ጫረ። ቤቱ ጠጉር ጠጉር ሸተተ።]

ሊቁ፦ በግ! ንጹህ በግ! አውልቅ ቶሎ፣ ሰውየው እየጠበቁኝ ነው!

ፈዙ፦ [ቁልፎቹን እየቆለፈ] አይሆንም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ለዛሬ ብቻ! እግርህ ላይ ልውደቅ?

ፈዙ፦ አትድከም። አንተ ስትወረውረው ቡትቶ ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ ኮት ሆነ። ይሄ ኬሚካላዊ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።