ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ሰው ምን እንደሚፈራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስለ ጀግንነቱ አስወሩት። ስለ ጅብ ያወራላችኋል፣ ስለ ሌባ ያወራላችኋል፣ በጨለማ ብቻውን ስላቋረጠው ወንዝ ያወራላችኋል። ዘሎት የሚያልፈው ነገር ካለ እሱን ነው የሚፈራው። እኔ ለምሳሌ ውሻ አልፈራም፤ የቤት አከራይም ፈርቼ አላውቅም። የምፈራው አንዲት ጨርቅ ነው። ክንድ ላይ ተጠምጥማ፣ በትንሽ የጎማ ኳስ ተነፍታ፣ እጅን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ከዚያ ፍስስ እያለች የሰውን ጉድ የምታወጣዋን ጨርቅ። የደም ግፊት መለኪያ ይሏታል። ይኸው ስሟን ስጽፍ እንኳ ክንዴን ጨምደድ አደረገኝ።

ሳቁብኝ፤ መብታችሁ ነው። ይብስ የሚያስቀው ደግሞ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ስለካ የኖርኩ መሆኔ ነው። ዊንጌት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሴት ቀሚስ፣ የሽማግሌ ሱሪ ማሳጠር፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ የስንቱን ወገብ ለክቻለሁ። ደንበኛዬ ወፈር ያለች እንደሆነች ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልናገርም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ለራሴ ብዬ አልፈዋለሁ። ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ምን ያህል እንደሚከፋው አውቃለሁ። የኔን ቁጥር ግን በሹክሹክታም ቢሆን እንዲነግሩኝ አልፈልግም ነበር።

ምክንያት አለኝ። አባቴ እንደ ግንድ የጠነከረ ሰው ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ከእኔ ጋር እየተሳሳቀ ከወንበሩ ብድግ ሲል ወደቀ። በቃ። "ግፊት ነበረበት እንዴ?" ብለው ጠየቁን፤ እኛ ምን እናውቃለን? ተለክቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ማንም ከወንበር ብድግ አይልም፤ ሁላችንም ቀስ ብለን ነው የምንነሣው። እኔም ይኸው ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ጀመር፤ መርፌ ላይ ክር ልሰካ ስል ዓይኔ ፊት የሆነ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል። ለባለቤቴ ለአስካለ እንኳ አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው አልኩና ዝም። እስካልተለካሁ ድረስ ጤነኛ ነኝ ብዬ ራሴን አሳምኜ፣ ማታ ማታ ግን የልቤን ምት እየሰማሁ አድር ነበር።

የእድራችን ዳኛ ሐጂ ሙዘይን ባይነሡብኝ ኖሮ እንዲሁ ተሸሽጌ እቀጥል ነበር። ሐጂ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ክርና ቁልፍ የምገዛው ከሳቸው ሱቅ ነው። እድራችንን ደግሞ ባታውቁትም ታውቁታላችሁ፤ እናንተ ሰፈር ካለው አይለይም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። አንድ ሰፊ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ትልልቅ ድስቶች፣ አንድ አዳራሽና ጥሩምባ ነፊው ጋሽ በላቸው አሉት። ሰው ሲሞት እንሰበሰባለን፣ ድንኳኑ ውስጥ አንገታችንን ደፍተን እንቀመጣለን፣ ስንወጣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። በቀረው ጊዜ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብንተያይ ነው።

ዘንድሮ ክረምት ግን ድንኳኑ ማረፊያ አጣ። ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ፣ ጨርቁ ከዝናቡ ሳይደርቅ፣ ሌላው ደጅ ይተከላል። የሞቱት ደግሞ ትናንት ሰላም ያልናቸው ሰዎች ናቸው። "ምን ሆኖ?" ስትሉ "ምንም፤ ደህና ነበር እኮ!" ትባላላችሁ። ይህቺ "ደህና ነበር" የምትባል ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ፤ እኔም ደህና ነበርኩና። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ሐጂ ተነሡና፣ "ሰው ቀብሮ በመመለስ ማንም አይስተካከለንም። እስቲ ደግሞ አንድ ጊዜ ሳይሞት እንጠይቀው" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ግን በላብ ርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያው በየመንደሩ እየዞረ የሚያክም ቡድን አለው። እድሩ ከቡድኑ ጋር ተስማማ፤ እድሩ ቦታውንና ወንበሩን ይሰጣል፣ ሰውን ይጠራል፣ አልጋ ላይ የዋለውን በሽተኛ ቤት ድረስ መርቶ ያሳያል፤ ቡድኑ ደግሞ መጥቶ ያያል፣ ይመክራል፣ መድኃኒት የጀመረውን ይከታተላል። ለለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቅሉት ሴቶቻችን ሳይቀሩ ጨው ስለ መቀነስ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። እኔን ያስፈራኝ ግን ቡድን የሚለው ቃል ነው። አንድ ሐኪም ቢሆን ግድ የለም፤ አንድ ሐኪም ይሸወዳል። "ደህና ነኝ" ትለዋለህ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ያልፍሃል። እነዚህ ግን አንዷ ትለካለች፣ አንዱ ደረት ያዳምጣል፣ አንዷ አባትህ በምን እንደሞተ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ደግሞ ቤትህ መጥታ ወጥህን ታያለች። ከአንዱ ብታመልጥ ከሌላው እጅ ትገባለህ። ይህን ያህል ሰው እንዴት ይሸወዳል?

ከዚያ ሐሙስ ማለዳ የጋሽ በላቸው ጥሩምባ ተነፋ። ያን ድምፅ ስንሰማ የመንደራችን ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የሚጠራውን ስም ይጠብቃል፤ የራሱን ስም እንዳይሰማ የሚሰጋ ነው የሚመስለው። ጋሽ በላቸው ግን በዚያው በለመደው የሐዘን ድምፅ፣ "ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም! የእድራችን አባላት በሙሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ የጤና ምርመራ ስላለ በቁማችሁ እንድትገኙ!" አለ። አስካለ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ።

ዓርብ ማታ አስካለ ራቷን ሳትጨርስ ተነሣች። "ታዴ፣ ሰሞኑን ራሴን በጣም እያመመኝ ነው" አለችኝ። "ነገ እንሂድና እንታይ። ብቻዬን እፈራለሁ፤ አብረኸኝ ሁን።" እኔ ጀግናው ምን ብል ጥሩ ነው? "ብርድ ነው፤ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሠሪው፣ ይተውሻል።" አየችኝ። ዓይኗን አላየሁትም፤ ሳህኔን ነበር የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት ስለት አለብኝ አልኳትና እግሬ አውጪኝ። እንጦጦ ማርያም! ስለቱ ከየት እንደመጣ እመቤታችን ትወቀው። ሽሮ ሜዳ ደርሼ ታክሲ መጠበቁ የሚያስይዘኝ መሰለኝና ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ማጅራቴ ይወጋኛል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ሁለት ጊዜ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። "አሁን እዚህ ብወድቅ ማን ያውቀኛል?" አልኩ። ቢሆንም ወደ ታች ከመመለስ ወደ ላይ መውጣት ቀለለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደርሼ የጸለይኩትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ "እመቤቴ፣ ቡድኑ ዕቃውን ጠቅልሎ እስኪሄድ ሰውሪኝ" ነው ያልኩት።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከተማዋን ቁልቁል ሳይ ግን የአስካለ ነገር መጣብኝ። ራሴን ያመኛል ብላ አታውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ታመምኩ ብላ ሥራ የፈታችበት ቀን ትዝ አይለኝም። እንደ አባቴ ማለት ነው፤ እሱም ታምሜአለሁ ብሎ አያውቅም። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሣም። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ከሐጂ ሱቅ መታጠፊያ ላይ ስትታጠፉ ደጄ ይታያል። ታጠፍኩ። ድንኳን ተተክሏል። እኔ ደጅ! የእድራችን ድንኳን ነው፤ ጎኑ ላይ ያለውን እራፊ የጣፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ የት አባቱ ይጠፋኛል? ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተኮልኩለው ይገባሉ። ጋሽ በላቸው ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ መግቢያው ላይ ቆሟል። ምርመራው በአዳራሹ ነው የተባለው፤ ድንኳን የሚባል ነገር ማንም አላነሣም። ድንኳን የሚተከለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

"አስካሉዬ! ወይኔ አስካሉዬን! ራሴን ያመኛል እያለችኝ!" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ዘልዬ ገባሁ።

መቼም የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በድንኳን ውስጥ የለቅሶ ድምፅ ከተሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች በአንድ ጊዜ ቀወጡት። ወንዶቹ ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ በላቸው ጥሩምባውን ወደ አፉ እያስጠጋ "የማንን ስም ልጥራ?" ይላል። በዚህ መሐል አስካለን አየኋት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ ያቺ ጨርቅ ክንዷ ላይ ተጠምጥማለች፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች። በሕይወት አለች! ተመስገን ልል ስል እሷ በተራዋ "ማርታ! ልጄን! ልጄ ምን ሆነች?" ብላ ጮኸች። ማርታ ያገባች ልጃችን ናት። አባወራው ከውጭ እያለቀሰ ሲገባ ሌላ ምን ታስብ? መርዶ ይዤ የመጣሁ መሰላት። እኔ ደግሞ ሚስቴ ስታለቅስ፣ ድንኳኑም ደጃችን ሲሆን፣ የሞተችውስ ለካ ልጄ ናት አልኩ። ተቃቅፈን እየየውን ለቀቅነው። ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንጀቴ ተበጥሶ ነበር።

"አላህን ፍሩ! ማንም አልሞተም!" ብለው ሐጂ ሙዘይን ጠረጴዛውን ደበደቡት። ጸጥ አለ። ነገሩ ሲገባቸው ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ ግን ቆሜ እንደሆነ ወይ ወድቄ እንደሆነ አይታወቀኝም፤ ዓይኔ ፊት ብልጭልጩ በዝቷል። የቡድኑ ነርስ ሲስተር ሰላም ክንዴን ያዘችና አስቀመጠችኝ። እምቢ የምልበት ጉልበት አልነበረኝም። ያቺ ጨርቅ ከአስካለ ክንድ ተፈትታ የኔ ላይ ተጠመጠመች፤ ጥርቅም አደረገችኝ፤ ፍስስ አለች።

ሲስተር ሰላም ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። "ሮጠው ስለመጡና ስለደነገጡ ይሆናል። እስቲ ትንሽ ያረፉና እደግመዋለሁ" አለች። ውኃ ሰጡኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ያየኛል፤ በራሴ ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በደንብ አሳርፋ ደገመችው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ቁጥሩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ፤ እኔ ለደንበኞቼ እንደማደርገው። ከዚያ ሁሉም ከበቡኝ። አንዱ ደረቴን አዳመጠ፤ አንዷ አባቴ በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገርኩት። ማጅራቴንም፣ ብልጭልጩንም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"ይህን ይዘው ነው ዛሬ እንጦጦን በእግርዎ የወጡት?" አለች ሲስተር ሰላም። "እመቤታችን ናት ያቆየችዎት። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ዛሬ መድኃኒት ሳይጀምሩ ቤትዎ አይገቡም።"

ሐጂ መኪናቸውን ሊያመጡ ሲነሡ እጃቸውን ያዝኩ። "ሐጂ፣ አዳራሹ እያለ ድንኳኑን እኔ ደጅ ትከሉት ያለው ማነው?" አልኳቸው። ሐጂ አስካለን አዩዋት።

አስካለ እጅጌዋን ወደ ታች እየመለሰች ነበር። የሷ ደህና ነው፤ ራሷንም አሟት አያውቅም። እኔን አስነሥታ ለመውሰድ የፈጠረችው ነበር። "የትም ብትሸሽ ማታ እዚህ ነው የምትመጣው" አለችኝ። "ማጅራትህን ስታሽ የማላይህ ይመስልሃል? አንተ ቁጥሩን ትፈራለህ፤ እኔ የምፈራው ይህን ድንኳን ነው። ክረምቱን በሙሉ ከየሰው ደጅ ሲነቀል ቀጥሎ እኛ ደጅ ነው እያልኩ አላደርኩም። ሳልጠራው ከሚመጣ፣ አንተ በእግርህ ገብተህ በእግርህ የምትወጣበት ጊዜ ሳለ ጠርቼ ላስተክለው ብዬ ነው።"

እጇን ይዤ ቀስ ብዬ ተነሣሁ፤ ብድግ አላልኩም። በግራ አስካለ፣ በቀኝ ሲስተር ሰላም ይዘውኝ ወደ መግቢያው ስንሄድ ሰው መንገድ ለቀቀልን። ጋሽ በላቸው ጥሩምባውን ወደ ኋላው ደበቀ። ስንት ዓመት በዚያ ድንኳን ገብቶ የወጣ ሰው አፉ የለመደውን ያውቃል፤ ባርኔጣውን አነሣና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለን። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ያን ቃል ሺህ ጊዜ ለሌላ ሰው ብዬዋለሁ፤ አባቴ ሲሞትም ተብሎልኛል፤ ስለ ራሴ፣ በቁሜ ሲባልልኝ ስሰማ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ፍርሃቱ አለቀቀኝም፤ አሁንም አለቀቀኝም፣ ክኒኗን በየጠዋቱ ስውጣት እሱንም አብሬ ነው የምውጠው።

"አሜን" አልኩት ከልቤ።