የጊንጪው ሰይጣን ቃሉን ሲሰጥ

ጊዜያችሁ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ይቺን ወግ አንብቦ ሲጨርስ «ምነው ባላነበብኳት» የሚል ከመካከላችሁ ከተገኘ ግን አምቦ ድረስ ይምጣና ይውቀሰኝ፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ነገሩ ስለ ሰይጣን ነው። ሰይጣን እኛ አገር ሥራ እንደሚበዛበት መቼም ታውቃላችሁ። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ከርመው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ሁለቱም «መሃላችን ሰይጣን ገብቶ ነው» ይላሉ። አንዱ ሚስቱን ሰድቦ ያድርና ጠዋት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። የሁሉንም ጥፋት ተሸክሞ ዝም የሚል፣ ጠበቃ የማያቆም፣ ይግባኝ የማይል እንደ እሱ ያለ ተከሳሽ አይቼ አላውቅም። ራሱ ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ያየው ግን የለም።

እኔ አይቻለሁ።

ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አለ። እሁድ ከሰዓት የውጭ ፊልም ይታያል፤ እኔ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ አስረዳለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም። ከፊልም ሥር ከሚሮጠው ጽሑፍ እየለቀምኩ የተማርኩት ስለሆነ ስለ ግድያና ስለ ማሳደድ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ መድኃኒት ቤት ገብቼ ስለ ራስ ምታት ማውራት ግን ያንተባትበኛል። ማስረዳት እወዳለሁ። ተዋናዩ በር ሲከፍት «አሁን በሩን እየከፈተ ነው» የምለው እኔ ነኝ።

ያን እሁድ የመጣልን የፖሊስ ፊልም ነበር። አንድ ጭምት ዳቦ ጋጋሪ የገዛ ወንድሙን ቤት አቃጥሎ ይያዛል። «እኔ አይደለሁም» ይላል። መርማሪው ምንም የማያምን ሰው ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል ብሎ ሊያልፈው ሲል ከዳቦ ጋጋሪው ሆድ ውስጥ ሌላ ድምፅ ይመልስለታል። ቄስ ይጠራል። መርማሪና ቄስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰይጣኑን ይመረምሩታል፤ ስሙን ካልተናገረ አይወጣም፣ እሱም አልናገርም ብሎ ወንበር ይሰብራል። የሰይጣኑን ንግግር በየትኛው ቋንቋ እንደምተረጉም ተጨንቄ፣ ማንም ቅር እንዳይለው ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ተረጎምኩት።

ፊልሙ አለቀ፣ አስተያየቱ ተጀመረ። ልብ በሉልኝ፣ እኛ ሰፈር ከፊልሙ አስተያየቱ ይረዝማል። ኦቦ ነገራ ጡረታ የወጡ መርማሪ ፖሊስ ናቸው፤ ሰይጣኑን ትተው መርማሪውን ያዙት። ተጠርጣሪን ያለ ካቴና አስቀምጦ መመርመር የት የተማረው ነው አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ይህ የአእምሮ ሕመም እንጂ ሰይጣን አይደለም ብሎ ሲጀምር ከኋላ «ታዲያ ወንበሩን ሕመሙ ነው የሰበረው?» ብለው አስቀመጡት። ሽንኩርት የሚሸጡት አዴ ብዙነሽ ግን ዳኝነታቸው አጭር ነበር።

«ሰውዬው ጎረቤት የለውም። እኛ ጋ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ጎትተን ጠበል እንወስደው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። በፊልሙ ውስጥ ሰላም የሚባባል ሰው አላየሁም። ያ ሰይጣን እኛ ሰፈር ቢመጣ «አከም ጅርታ» ተባብሎ፣ የከብቱንም የቡቃያውንም ደኅንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ይመሽበታል።

ከሁላችን ይልቅ ፊልሙን የወደደው የአክስቴ ልጅ ቶሎሳ ነው። ለምን እንደወደደው ልንገራችሁ። ለፋሲካ ጊንጪ አማቱ ቤት ሄዶ፣ አማቱ ኦቦ ፈይሳ ሌላኛው አማች ያመጣውን በግ ደጋግመው ሲያመሰግኑ ጊዜ ቱግ ብሎ ገበታ ገለበጠ። አዎ፣ ገበታ። ዶሮ ወጡ የኦቦ ፈይሳን ነጭ ጋቢ አገኘው። ሚስቱ ጫልቱ በዚያው አባቷ ቤት ቀረች። ቶሎሳ ከዚያ ወዲህ ሽሮ እያሳረረ ብቻውን ይበላል፤ ሸሚዙን ሳይተኩስ ይለብሳል፤ ማታ ማታ የጫልቱን ነጠላ ከተሰቀለበት አውርዶ መልሶ ይሰቅለዋል። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ኦቦ ፈይሳ በር አልከፈቱም። አሁንም እምቢ ካሉ ዕቃዋን የሚጭን መኪና እንደሚመጣ ተነግሮታል።

እና ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ የኦቦ ነገራን ክንድ ያዘ። እኔም የደረሰብኝ ልክ ይኸው ነው፣ እጄን ያንቀሳቀሰው ሌላ ነው አላቸው። ኦቦ ነገራም ጉዳዩ ያስኬዳል አሉ።

ኦቦ ነገራና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ለእርቅ እርጥብ ሳር ይዘው፣ እኔም ምናልባት ማስረዳት ካስፈለገ ተብሎ ታክዬ፣ ጊንጪ ገባን። በሩ ተከፈተልን። ቶሎሳ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ኦቦ ነገራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጥፋቱ የሰይጣን መሆኑን፣ ይህም በውጭ አገር ፖሊስ ሳይቀር የታወቀ መሆኑን አብራሩ። ኦቦ ፈይሳ የደንዲ ጤፍ ገበሬ ናቸው፤ ፊልም አይተው አያውቁም። በጥሞና አዳመጡ። ያንኑ ጋቢ ለብሰዋል፤ ታጥቧል፣ የወጡ ቢጫ ግን አለቀቀም።

«መልካም» አሉ። «ይኼ ሰይጣን ወጥቷል ወይስ አሁንም አለ?»

ኦቦ ነገራ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ስጠየቅ ዝም ማለት አልችልበትም። ፊልሙን ከነወንበሩ ዘረዘርኩላቸው፤ ስሙን እስካልተናገረ ድረስ እንደማይወጣም አስረዳሁ። ቶሎሳ ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

ኦቦ ፈይሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰይጣን ካለበት ቤት ልጄን አልመልስም። ከሌለበት ደግሞ ሰይጣን ምን አደረገ ትሉታላችሁ? ይኸው እናንተ ሽማግሌዎች አላችሁ፤ ስሙን ይናገርና ይውጣ።»

ሁላችንም ቶሎሳን አየን። ከጓዳው በር ጀርባ ጫልቱ ቆማለች፤ የቀሚሷ ጫፍ ይታያል። ወንበር የሚሰበር መስሎኝ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ። ቶሎሳ ሳሩን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ የቀሚሱን ጫፍ አየ።

«ቶሎሳ» አለ።

«ቶሎሳ ነኝ፣ አባ። ሌላ ማንም አልነበረም። በጉ አናዶኝ ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ ኦቦ ፈይሳ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። የቀሚሱ ጫፍ ከበሩ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ።

በሚኒባስ ስንመለስ ጫልቱ ከፊት ተቀመጠች። አምቦ ስንደርስ ብቻ፣ ወሬው ደርሷት ኖሮ፣ ሽሮው የትኛው ድስቷ ላይ እንዳረረ ቶሎሳን ጠየቀችው። ኦቦ ነገራ እስከ ዛሬ ምርመራው ተቻኩሎ ተዘጋ ይላሉ። አዴ ብዙነሽ ደግሞ ወሬውን ሲሰሙ፣ ዳቦ ጋጋሪው እንደ ቶሎሳ ቢናገር ኖሮ ፊልሙ በአጭሩ ያልቅልን ነበር አሉ።

ፊልሙን ካገኛችሁት እዩት፤ የሚያስረዳ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። ካላገኛችሁት ግን ይቺን ሞክሩልኝ። «ሰይጣን አሳስቶኝ» ልትሉ አፋችሁ ሲከፈት ቆም በሉና ስሙን ጠይቁት። የሚመልስላችሁን ስም ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ሞክሩት እንጂ፤ ምናልባት የሌላ ሰው ስም ይሆን ይሆናል።