ጀማል ያላነበበው የጀማል ጽሑፍ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገሬ ሰው። ገዳዩ ሳይማር የተመረቀ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። እኔ እንግዲህ ጭሮ ከተማ ተቀምጬ የመመረቂያ ጽሑፍ የማማክር መምህር ነኝና፣ ጥያቄው ካንጀቴ ነው የሚወጣው።

ዘንድሮ ተማሪዎቼ ድንገት ሊቅ ሆነውብኛል። አምና «ሰላም ቲቸር» ብሎ ለመጻፍ የሚንተባተበው ልጅ፣ አሁን እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ አፍስሶት ይመጣል። በስልካቸው የያዙት ኤአይ ነዋ! ደግሞ እኮ አልከለከልኩም። «ጠይቁት፣ እንግሊዝኛችሁንም ያርምላችሁ፤ ግን የነገራችሁን አጣሩ፣ መጠቀማችሁንም ተናገሩ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፍልፌአለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ጀማል የሂርና ልጅ ነው። እናቱ አዴ ሐሊማ ጫት ሸጠው ነው ያስተማሩት፤ የጻፈውም ስለ ጫት ንግድ ነው። መጨረሻው ላይ ምን የሚል ምክር አገኘሁ መሰላችሁ? ጫት በጨው ውኃ ተነክሮ በጆንያ ቢታሸግ፣ ዋጋ እስኪወደድ ሳምንት ይቆያል! ታዲያ ጠዋት ተቀጥፎ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ መኪናው እንደዚያ እንደ እብድ የሚበርበት ለምን ሆነና? ያደረ ጫት የፍየል ነው። ይህን የሂርና ሕፃን እንኳ አይስተውም።

«ጀማል፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«ራሴ ነኝ ቲቸር።»

«አንብበኸዋል?»

«እንዴ ቲቸር! የጻፍኩትን ሳላነበው?» ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ካልታረመ አትመረቅም ብዬ መለስኩት። ቅዳሜ እናቱ ምሳ ጠሩኝ። ሊያማልዱ ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ፣ ከጀማል ጋር በሚኒባስ ሂርና ሄድኩ።

አዴ ሐሊማ ምልጃም አላነሱ። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ወደ ጓዳ ይዘውን ገቡና አንድ ጆንያ ፈቱ። ሽታው አይጣል ነው! የአንድ ገበያ ቀን ጫት እንዳለ ጠቁሮ፣ ላሽቆ ተኝቷል።

«ጀማሌ፣ እንዳልከው አደረግኩ። ጨዉ በዛ እንዴ?»

ልጁ ክው አለ። «እማ! ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?»

«አንተ ነሃ! ጽሑፍህን በስልክህ ወደ ኦሮምኛ አስገልብጠህ በድምፅ ልከህልኝ የለ? ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ልጄ ዩኒቨርሲቲ የተማረውን እናንተ ምን ታውቃላችሁ ብዬ ተጣላኋቸው።»

ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

«እማ፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ስልኩ ነው። አላነበብኩትም።»

ቢሮዬ አስቀምጬ ለምኜ ያጣሁት ቃል ነው እንግዲህ።

አዴ ሐሊማ ልጃቸውን አዩ፤ ጆንያውን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቲቸር፣ ታዲያ የሚመረቀው ማነው?»

አማካሪው እኔ ነኝ። ጀማልን ስልኩን አስከፍቼ፣ «በል፣ አሁን እናትህ ፊት አንብበው» አልኩት።